ቤታችን ምሏል

ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ዲንሳ፣ ቡሬ ወለደች። ወንድ ጥጃ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ደስ አይበልህ። ትናንት ማታ ስታምጥ አባዬ «ዲንሳ፣ ባትሪውን ያዝ!» ብሎ ተጣራ። ሄጄ ያዝኩለት። ስም እንደተሳሳተ እኔም አልነገርኩትም፤ እማዬም በረቱ በር ላይ ቆማ ሰምታለች።

ወተቱን አሁንም የማደርሰው እኔ ነኝ። መብራት ኃይል ኮንዶሚኒየም ያሉት ደንበኞችህ ሁሉም አሉ። ከፎቅ ላይ ቅርጫት በገመድ የምታወርደዋ ሴትዮም አለች፤ «ወንድምህ ይቀልድ ነበር፣ አንተ ምነው?» ትለኛለች። በወንዙ ዳር ያለውን አቋራጭ ግን አልሄድበትም፣ አባዬ ከልክሎኛል። በአስፋልቱ ስዞር ራቅ ብሎ ይከተለኛል። የማላየው ይመስለዋል። ለትምህርት ስወጣም ታክሲ ውስጥ እስክገባ ድረስ ማዶ ቆሞ ይጠብቃል። ማታ ሳሎን በሩ ሥር ፍራሽ አንጥፎ ይተኛል፤ «ለወገቤ መሬት ይሻለኛል» ይላል። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። የክፍሌ ልጆች ቢያዩኝ ምን ይሉኛል?

ዛሬ መጥሪያ መጣ። ጋሽ ዳዲ ይግባኝ ጠይቋል። አንተ ከሄድክ በኋላ የሆነውን ስለማታውቅ ልንገርህ። የመታህ አሸዋ ጫኙ ለሜሳ ነው። ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት ተቀምጧል፤ «ተጣልተን ነው፣ ብቻዬን ነኝ» እንዳለ አለ። ጋሽ ዳዲ ደግሞ ከእሱ ጋር አሲሮ አስገድሏል ተብሎ ሃያ ዓመት ተፈረደበት። አዎ፣ ጋሽ ዳዲ፣ የብሎኬት ማምረቻው ባለቤት፤ የወንዙን ዳር መሬት ሽጡልኝ እያለ ሲመላለስ አንተ ከበር የመለስከው።

እሱ የሚለው ይህ ነው፦ ለሜሳን በመልክም አላውቀውም፤ አሲራችኋል በተባለው ምሽት የኦቦ ዱጋሳ ልቅሶ ላይ ነበርኩ፣ ድንኳን ውስጥ ካርታ ስጫወት አደርኩ። ጠበቆቹ ይህን «አሊባይ» ይሉታል። እኔ ግን በዚያው ምሽት የእድሩን ወንበር ላመጣ ስሄድ ሁለቱን ማምረቻው በር ላይ ቆመው አየኋቸው። የሰማሁትንም ሰማሁ። ፍርድ ቤት ቀርቤ ተናገርኩ፣ አሊባዩም ፈረሰ። አሁን የይግባኙ ችሎት ያ ምስክር እንደገና ይሰማ ብሏል። ያኔ ልጅ ነበር፣ ጨለማም ነበር ተብሎ።

የካቲት 2፣ እሑድ

በሩን ስከፍት ሽማግሌዎች ቆመዋል። በእጃቸው እርጥብ ሣር ይዘዋል። ከፊት ኦቦ ሮበሌ፣ ከኋላ የጋሽ ዳዲ እናት እማማ በቀለች ነጠላቸውን ከራሳቸው አውርደው። ግቡ ሳይባሉ አይገቡም፣ ተቀመጡ ሳይባሉ አይቀመጡም። ወጉ እንደዚህ ነው፤ ገዳይ ወገን ሣር ይዞ የሟችን ደጅ ይጠናል።

አባዬ አያቸውና በሩን ዘጋ።

እማዬ ከውስጥ፣ «ንጹሕ ነኝ ብሎ ይግባኝ የጠየቀ ሰው እናቱን ለእርቅ ይልካል?» አለች።

የካቲት 3

ዛሬም ቆመዋል።

የካቲት 5

ዛሬም። ለትምህርት ስወጣ በመካከላቸው አለፍኩ። ኦቦ ሮበሌ «እንዴት አደርክ፣ ልጄ?» አሉኝ። «እግዜር ይመስገን» አልኳቸው። መመለስ አልነበረብኝም? ሽማግሌ ናቸው።

አናስን ታስታውሰዋለህ፤ አባቱ ሱቅ ያለው፣ ስልክህን ጥሎ የሰበረብህ። ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ነው የሚቀመጠው። «ፊትህ የፊዚክስ ፈተና ወረቀት መስሏል፤ ማንም ሊያየው አይፈልግም» አለኝ። ሳቅኩ። ከዚያ የሳቅኩት ቆጨኝ።

የካቲት 9

ዛሬ አባዬ ኦቦ ሮበሌን ብቻቸውን አስገባቸው። በረቱ ጀርባ ቆመው ሲያወሩ እኔ ውስጥ ጥጃውን አጠባ ነበር።

«አንዱ ሄዷል» አሉ ኦቦ ሮበሌ። «ደም ካልደረቀ ደም ይጠራል። የዳዲ ወንድሞች ጎረምሶች ናቸው፤ የሁሉንም እጅ መያዝ አልችልም። ትንሹም በማለዳ ነው አሉ የሚወጣው።»

አባዬን «ሣሩን እቀበላለሁ» ሲል ሰማሁት።

ሁለት ዓመት ሙሉ ያልለዘበ ሰው በአንድ ቃል ለዘበ። እኔ በማለዳ ወጣሁ አልወጣሁ ምን አገባቸው? ይህን ሁሉ ጊዜ ስምህን የሚጠራው ከልምድ ብቻ ነበር ማለት ነው። ለመርሳት ሰበብ ይፈልግ ነበር፣ አገኘ።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ታረቅን።

ከሰፈሩ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ እነሱ በወዲያ፣ እኛ በወዲህ ቆምን። በጉን ያመጡት እነሱ ናቸው። ኦቦ ሮበሌ መሐል ገቡና «በአባቶቻችን ወግ ገዳይ በአፉ ገድያለሁ ይላል። ያላመነ አይታረቅም። የሚናገር ማነው?» አሉ።

የጋሽ ዳዲ ታላቅ ወንድም ወጣ። «እጃችን በድሏል። ባለቤቱ እስር ላይ ነው። ሲወጣ እዚሁ ቆሞ በራሱ አፍ ይላል። እኔ ዋሱ ነኝ።»

አባዬ፣ «ሳይል ይታረዳል እንዴ?» አለ።

«ምን እናድርግ? ሰኞ ሁዳዴ ይገባል» አሉ ኦቦ ሮበሌ። «በጾም በግ አይታረድም። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ችሎቱ ያልፋል። ዋስ አለህ፣ እኛም አለን።»

አባዬ ወደ እኔ አየ። ለምን እኔን እንዳየ አልገባኝም። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

በጉ ታረደ። በአንድ ዕቃ ውሃ እጃችንን ታጠብን፤ እኔና የጋሽ ዳዲ ታናሽ ወንድም ጣቶቻችን ተነካኩ። አባዬ በሕይወት ላለነው ሁሉ ማለ፤ ከእንግዲህ ከዚህ ቤት ዳዲን በደም የሚያነሣ አፍ እንዳይኖር። ስማችንን አንድ በአንድ ጠራ። የእኔን ሲጠራ ድምፁ ተሰበረ።

አብረን በላን። ሥጋው ጥሩ ነበር። ርቦኝ ነበር፣ ደገምኩ። ይህን ለማንም አልናገርም።

እማዬ አልመጣችም። ስንገባ አንተ የምትለብሰውን ጃኬት እያጠበች ነበር፤ ማንም ሳይለብሰው። «ስሜን ጠራኸው?» አለችው አባዬን።

«ጠራሁት።»

«እኔ አልማልኩም። አልተጠየቅኩም።»

የካቲት 20

ጾም ነው፣ ወተት የሚገዛ የለም። የአናስ እናት እትዬ ሲሃም ለማይጾሙት ጎረቤቶች ሁሉ ተናግረው በጆክ በጆክ ያስወስዳሉ። «ወተቱን ማድረስ ብቻ አይደለም፣ አንተም ና ብላ» ይሉኛል።

ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያወሩ ነበር።

«የልጃቸውን ደም በበግ ለወጡት አሉ።»

«ኧረ ተይ!»

«ሙች! ያውም ትንሽ በግ።»

ትንሽ አልነበረም። ዞሬ ልነግራቸው ነበር። ምን ብዬ?

መጋቢት 11

ዐቃቤ ሕጓ ደወለች። ስሟ ትሩፋት ነው። አንቱ ስላት «አንቺ በለኝ፣ አታስረጀኝ» የምትል ሴት ናት። «ኢሉ፣ ያለፈውን ቃልህን አስታውሰህ ና። ሌላ ምንም አልፈልግም። አሊባዩን የሚያፈርስ ያለ አንተ የለኝም፤ ለሜሳ አፉን ዘግቷል። አንተ ከጸናህ ይጸናል።»

እሺ አልኳት።

አባዬ በር ላይ ቆሞ ሰምቷል። ቀበቶውን ፈትቶ እንደገና አሰረ፣ ወጣ።

መጋቢት 19

ጠየቅኩት። ቡሬን እያለበ ነበር።

«አባዬ፣ ችሎት ፊት ምን ልበል?»

ጡቷን አልለቀቀም። «እኔ ዋሽ አልልህም።»

«እና?»

«ቤታችን ምሏል ነው የምልህ።»

«ሁለቱ አንድ አይደለም እንዴ?»

«አይደለም» አለ። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር፣ «እኔ አንድ ነው የቀረኝ» አለ። ስለ ቃሉ ነው የሚያወራው፣ ስለ ክብሩ። ሁሌም ስለ ቃሉ ነው።

መጋቢት 28፣ ሌሊት

እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። ዐቃቤ ሕጓ አስታውሰህ ና ያለችኝን እያሰብኩ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ሰው ይረሳል። የጋሽ ዳዲ ጠበቃ ያለው ሐሰት አይደለም፤ ጨለማ ነበር፣ መብራት ጠፍቶ ነበር። ያየሁት ብዙ አይደለም። ጋሽ ዳዲ ጋቢውን በአንድ ትከሻው ጥሎ በስልኩ መብራት የለሜሳን ፊት ሲያበራ አየሁ፣ ያ ብቻ ነው። ለሜሳ ዓይኑን በእጁ ከለለ። አውራ ጣቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ነበር። ከኋላቸው ያልደረቀው ብሎኬት ላይ የተጣለውን ላስቲክ ነፋስ ያርገበግበዋል። ጋሽ ዳዲ «ወተት ይዞ ሲወጣ ብቻውን ነው» አለ። እንደ ተራ ወሬ ነው ያለው። ለሜሳ ሳለ፤ ደረቅ ሳል። ከዚያ ጋሽ ዳዲ አየኝና «ኢሉ ነህ? ይህን ሁሉ ወንበር ብቻህን? አምጣ» ብሎ ሁለቱን ተቀበለኝ። እስከ ድንኳኑ ድረስ ይዞልኝ መጣ። በመንገድ ስንተኛ ወጣህ ብሎ ጠየቀኝ። አራተኛ አልኩት። «ጎበዝ! ወንድምህ አላስጠናህም መቼም» አለ፣ ሳቅን። ድንኳኑ ውስጥ ሰዎች ቦታ ለቀቁለት፣ ካርታውን ያዘ።

ከዚህ በላይ አላስታውስም። ሰው በዚህ ብቻ ሃያ ዓመት ይታሰራል?

ቤት ስገባ አንተ ተኝተህ ነበር። አልቀሰቀስኩህም። ምን ብዬ እቀሰቅስሃለሁ? በማግስቱ እሑድ ነበር፣ ወተቱን አድርሰህ ኳስ ተጫወትን። ከዚያ በሳምንቱ ወጥተህ አልተመለስክም።

አላስታውስም ማለት ውሸት አይደለም። ያላየሁትን አየሁ ብል ነው ውሸት።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ተመሰከረ።

ዩኒፎርሜን ለብሼ ነው የሄድኩት፤ ሌላ ንጹሕ ልብስ አልነበረኝም። ጋሽ ዳዲ ከስቷል። ሲያየኝ በጭንቅላቱ ሰላም አለኝ። እውነት እንድናገር አስማሉኝ። እጄን አንሥቼ ስምል፣ ከሁለቱ መሐላ የትኛው ይቀድማል እያልኩ ነበር።

ዐቃቤ ሕጓ ረጋ ብላ ጀመረች። «በዚያ ምሽት ወንበር ልታመጣ ስትሄድ ማንን አየህ?»

«ሰዎች ቆመው ነበር።»

«እነማን?»

«ጨለማ ነበር።»

«ባለፈው ችሎት ስም ጠርተህ ነበር፣ ኢሉ።»

«አላስታውስም።»

ወረቀቷን ገለጠች፣ ግን አላየችውም፤ እኔን ነው የምታየው። «የሰማኸውስ ንግግር?»

«አላስታውስም።»

የመሐል ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ያስፈራራህ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ቤተሰብህን?»

ዞሬ አባዬን አየሁ። ጉልበቱ ላይ ባርኔጣውን ይዞ ጫማውን ያያል። «የለም» አልኩ። እውነት ነው፣ ማንም አላስፈራራኝም።

የጋሽ ዳዲ ጠበቃ ሲነሣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀኝ፤ «ያኔ መብራት ጠፍቶ ነበር?» አዎ አልኩ። «አመሰግናለሁ» አለና ተቀመጠ።

ኮሪደር ላይ ዐቃቤ ሕጓ አገኘችኝ። ትቆጣለች ብዬ ነበር። «ምሳ በልተሃል?» ብቻ አለችኝ። አዎ አልኩ። አልበላሁም ነበር። ዛሬ ያለ ምክንያት የዋሸሁት ይህን ብቻ ነው።

ሚያዝያ 12

ፋሲካ። እማዬ ዶሮ አልሠራችም።

ሚያዝያ 22

ተለቀቀ። ፍርዱን ሰብሳቢ ዳኛው ሲያነቡ ግማሹ አልገባኝም። የገባኝ ይህ ነው፦ ዐቃቤ ሕግ አሊባዩን የሚያፈርስ ማስረጃ አላጸናም፤ ጥርጣሬው ለይግባኝ ባዩ ይጠቅማል፤ በነጻ ይሰናበት። እማማ በቀለች እልል አሉ፣ ፖሊሱ ዝም በሉ አላቸው።

አባዬ ውጭ ደረጃው ላይ «አሁን መጥቶ ይላል» አለኝ። «ሜዳው ላይ ቆሞ በአፉ ይላል። የዲንሳ ደም ያኔ ያርፋል።» ፊቱ ላይ ተስፋ ነገር ነበር። ከፍርዱ ይልቅ ያን ማየት ከበደኝ።

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

ሜዳው ላይ ተሰበሰብን። ጋሽ ዳዲ አዲስ ኮት ለብሶ መጣ። አባዬን ሦስት ጊዜ ሳመው። ኦቦ ሮበሌ «የቀረውን ቃል ለመስማት ነው የመጣነው፤ ገድያለሁ በል» አሉት።

«ኦቦ ሮበሌ፣ እርስዎን አከብራለሁ» አለ። «ግን ፍርድ ቤት ነጻ ያለውን ሰው ገድያለሁ በል ይሉታል እንዴ? እናቴ ባሏ የሌለ፣ ልጇ የታሰረ ሴት ናት፤ ጨንቋት ሣር ያዘች። ብትይዝም አልከፋኝም። በጉም ታርዷል፣ ይጽደቅ። እርቁን እኔም አከብራለሁ።»

ዋሱ ወንድሙ መሬት በጫማው ይጭራል።

አባዬ፣ «ዋስ ነኝ ብለህ ነበር» አለው።

«እኔ ታዲያ አፉን በጉልበት ልክፈተው?»

ከወጣቶቹ አንዱ ከኋላ ሳቀ።

አባዬ ወደ ኦቦ ሮበሌ ዞረ። «እና መሐላው የያዘው እኛን ብቻ ነው?»

«አንተ ቃልህን ጠብቀሃል። እግዜር ያያል።»

«ያን ጊዜም ያይ ነበር» አለ አባዬ። ከዚያ ለኦቦ ሮበሌ ትከሻውን እንኳ ሳይሰጥ ሄደ። ስከተለው በወንዙ ዳር አቋራጭ ነው የገባው። አንተ የወደቅክበት ቦታ ሲደርስ አልቆመም። የቆመ መስሎኝ ነበር፣ እርምጃውን እየቀነሰ ሄዶ ነው።

ግንቦት 5

እማዬ ሄደች። ተፍኪ ያለው ወንድሟ ቤት። በላስቲክ ልብሷንና የአንተን ጃኬት ይዛ።

«ልጄን አንዴ ለሜሳ ገደለው፣ አንዴ እናንተ ሜዳ ላይ» አለችው አባዬን። ከእኔ ጋር ስትሰናበት «አንተን አይደለም፤ አንተ ልጅ ነህ» አለችኝ። ልጅ አለመሆኔን ታውቃለች።

ግንቦት 7

ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ «የደም በግ እንዴት ነው፣ ቅልጥም ደረሰህ?» አለኝ። አናስ ኮሌታውን ያዘው። እኔ አናስን ጎትቼ አስለቀቅኩት። ልጁ የጠየቀው የሆነውን ነው።

ዐቃቤ ሕጓ ጋ ልደውል ብዬ ስልኩን አወጣሁ። አሁን አስታወስኩ ብላት? ያኔ ሐሰት መሰከርክ ይሉኛል፣ አባዬ ደግሞ መሐላ አፈረሰ ይባላል፤ ጋሽ ዳዲም አይታሰርም። ስልኩን ኪሴ ከተትኩት።

ግንቦት 11፣ ማታ

አባዬ እማዬን ሊመልስ ሽማግሌ ይዞ ተፍኪ ሄደ። ሽማግሌ! ያው እነ ኦቦ ሮበሌን። ሌላ ከየት ያመጣል? የማጠቃለያ ፈተና ስላለብኝ እኔ ቀረሁ። አባዬ እስኪመለስ የአናስ አጎት መሐሙድ ላሞቹን በረታቸው ወሰዱልን። አባዬ ሲወጣ በሩን ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘጋ። «በአስፋልቱ ሂድ» አለ። «ከሰው ጋር ሂድ።» እሺ አልኩ። ቁልፉን ሰጥቶኝ ደግሞ ተቀበለኝ፣ ደግሞ ሰጠኝ። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ምናልባት እማዬ እንደማትመለስ ገብቶታል።

ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። የምጽፈው የእስክሪብቶው ድምፅ እንዲሰማኝ ነው።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

ብቻዬን ነቃሁ። የሚታለብ ላም ስላልነበረ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። በሩ ሥር ያለውን ፍራሽ አጣጥፌ አስቀመጥኩ። ዳቦ በሻይ በላሁ። ጫማዬን ጠረግኩ። በሩን ቆልፌ በአስፋልቱ ሄድኩ።

ታክሲ ተራው ላይ ረዳቱ «መካኒሳ! መካኒሳ አቦ፣ አንድ ሰው!» ይላል። ገባሁ። ከተቀመጥኩ በኋላ ነው ጋቢና ከሾፌሩ አጠገብ ጋሽ ዳዲ መቀመጡን ያየሁት። ዞሮ «ኢሉ! እንዴት አደርክ?» አለኝ። የታረቀ ሰው ሰላምታ አይነፈግም፣ መለስኩለት። ፈተና አለ ወይ አለኝ፣ ባዮሎጂ አልኩት። ጎበዝ አለኝ።

ረዳቱ ሒሳብ መሰብሰብ ጀመረ። እኔ ጋ ሲደርስ ብሩን ዘረጋሁለት፣ አልተቀበለኝም። «ተከፍሎልሃል» አለና በአገጩ ወደ ፊት አመለከተኝ።

ወራጅ አለ ማለት ነበረብኝ። በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ያንን ነው፤ ወራጅ ብዬ፣ ብሩን ፊቱ ላይ ጥዬ፣ ወደ ሰፈራችን ለቡ በእግሬ መመለስ። ተሳፋሪው ሁሉ ያውቀናል፤ ሁሉም ይጠብቃል። አንዷ ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

አልወረድኩም። ብሩን ኪሴ መልሼ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽ ዳዲ» አልኩት።